መቶ ዘጠና ስድስት ቅርፊት

የእባብ ቤቱ ሠራተኞች «ቆጣሪው» ይሉታል። ጠዋት በሩ ላይ ብቅ ሲል አንዱ ቀና ብሎ «ኧረ ቆጣሪው መጣ፤ መብራታችንን ሊቆርጥብን ነው!» ይላል። እሱም «የእናንተስ ድሮም ጠፍቷል» ብሎ ያልፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀልዱም መልሱም አልተቀየረም።

ሥራው የእባብ ቅርፊት መቁጠር ነው። ቤቱ መርዝ የሚታለብበት ቤት ነው፤ መርዙ ወደ ላቦራቶሪ ይሄድና ለተነደፉ ሰዎች መድኃኒት ይሆናል። ስለዚህ ከውጭ ተይዞ የመጣ እባብ ሁሉ ምን ዓይነት እንደሆነ በእርግጠኝነት መታወቅ አለበት። በቀለም መለየት አይቻልም፤ ቀለም ይለወጣል። በርዝመትም አይቻልም። የቅርፊት ብዛት ግን ከተፈጥሮ የተወሰነ ነገር ነው። ከእንቁላል ሲወጣ እርሳስ የሚያክል እባብ በሆዱ ላይ መቶ ዘጠና ስድስት ቅርፊት ካለው፣ አድጎ የሰው ክንድ ሲያክልም መቶ ዘጠና ስድስት ነው። አንድ አይጨመርም፣ አንድ አይጎድልም። የሚያድገው እያንዳንዱ ቅርፊት ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሰው የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። እባቡ ቆዳውን ባወለቀ ቁጥር ከሥሩ ያው ብዛት በያው አሰላለፍ፣ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይወጣል። አንዱ ቅርፊት ተሰንጥቆ የተፈጠረ እንደሆነም ስንጥቁ እዚያው ቦታው ላይ አብሮ ያድጋል።

ይህን ከቆጣሪው በላይ የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ዶክተሯ ጠራችው። ወጣት ናት፤ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ቀን «አንቺ ካላሉኝ ሥራ አልጀምርም» ብላው እሺ ብሏል። እሷ ግን እሱን አንቱ ማለቷን አልተወችም።

«አባቴ፣ እስቲ ቶሎ ይምጡ! አንድ ጉድ ላሳይዎት።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የወለቁ ቆዳዎች መስታወት ተጭኗቸው ተዘርግተዋል። አንዱ የጫማ ማሰሪያ ያህል ነው። ሌላው ከጠረጴዛው አልፎ ወንበር ተቀጥሎለታል።

«ለተማሪዎቹ ግድግዳ ላይ የምሰቅለውን አገኘሁ። እባብ ሲያድግ ቅርፊቱ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። የአንድ እባብ የመጀመሪያ ቆዳና የመጨረሻ ቆዳ! አሥራ ሰባት ቁጥር ፖስታ ውስጥ፣ ከታችኛው መሳቢያ ሥር ነበሩ።»

ቆጣሪው አልተቀመጠም። «አንድ እባብ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እርስዎ ባስተማሩኝ ነዋ!» መርፌዋን አነሣች። «ስልሳ ሦስተኛውን የሆድ ቅርፊት ይዩት። በግራ በኩል ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግማሽ ቅርፊት ገብቶበታል። ትልቁ ላይ ይቁጠሩ፤ ስልሳ ሦስተኛው፣ በግራ በኩል፣ ያው ስንጥቅ። ከዚህ በላይ መታወቂያ ከየት ይመጣል?»

«ጎበዝ» አላት።

«አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። ፖስታው ላይ በእርስዎ እጅ ‹ቀለበቴ፣ 148› ተብሎ ተጽፏል። እኔ ስቆጥር ሁለቱም 196 ናቸው። ይሄ መርዝ የሌለው ቀለበቴ አይደለም፤ መርዛሙ መሬቴ ነው።» ሳቀች። «የእጅ ስህተት ይሆናል አይደል? እንኳን ሰው አልነደፈ።»

ቆጣሪው መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «የምትሰቅዪው መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«እስከ ሰኞ እነግርሻለሁ» አለና ወጣ።

ህሊናው ወቀሰውና ተነሣ ብሎ መጻፍ ደስ ባለ። እውነት አይሆንም እንጂ። ከህሊናው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል፤ ለምዶታል። ያስነሣው ሰኞ ነው። ቆዳው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ነባሮቹ ሠራተኞች ያዩታል። ካዩት ለታናሽ ወንድሙ ይደርሰዋል። ወንድሙ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ብሎ ነው የተነሣው።

ታናሽ ወንድሙን እባብ ቤት ያስቀጠረው ራሱ ነው። ልጁ ቀልደኛ ነበር፤ እጁ ደግሞ ለእንስሳ የተፈጠረ። መርዝ የሌላቸው እባቦች ክፍል ተሰጠው። እዚያ ሳጥን የሚጸዳው በባዶ እጅ ነው፤ ጓንትና ቆልማማ ብረት የመርዛሞቹ ክፍል ዕቃ ነው። ማን የት ክፍል እንደሚገባ የሚወስነው ደግሞ የቆጣሪው ቁጥር ነው። አንዱ ወንድም ይቆጥራል፣ ሌላው ቁጥሩን አምኖ እጁን ሳጥን ውስጥ ይከታል። አሠራሩ ይኸው ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ትንንሽ እባቦች በአንድ ሳጥን ተጭነው መጡ። ሁሉም ጥቁር ቀለበት ቀለበት ያለባቸው ናቸው። ቀለበታም ሆኖ መርዝ የሌለውን ዓይነት ሠራተኞቹ «ቀለበቴ» ይሉታል፤ የሆዱ ቅርፊት ከመቶ ሃምሳ አያልፍም። «መሬቴ» የሚሉት መርዛሙ ግን ሲያድግ አፈር የመሰለ ነው፤ በልጅነቱ እሱም ቀለበት አለው። ቅርፊቱ ከመቶ ዘጠና በላይ ነው። ሁለቱን በሕፃንነታቸው ከቁጥር በቀር የሚለያቸው የለም።

ቆጣሪው እያንዳንዱን በጠራ ቱቦ ውስጥ እያስገባ፣ በአጉሊ መነጽር፣ በመርፌ ጫፍ እየነካ ቆጠረ። አንዱ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሃያ ስድስቱን እስኪጨርስ ቅዳሜም ተጋመሰ። ሃያ ስድስቱም ቀለበቴ ሆኑ። ዓይኑ ያነባ ጀመር፤ አንገቱ አልዞር አለ። የቀሩት አራቱ ከሌሎቹ ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው። አራት ፖስታ አወጣና በአራቱም ላይ «ቀለበቴ፣ 148» ብሎ ጻፈ።

ሦስቱ ቀለበቴዎች ነበሩ።

አራተኛው አሥራ ሰባት ቁጥር ሳጥን ገባ። ታናሽ ወንድም ሁለት ዓመት አበላው፣ አጠጣው፣ በባዶ እጁ እያነሣ ሳጥኑን አጠበለት። ጨዋ እባብ ነበር። ቆዳውን ባወለቀ ቁጥር ታናሽ እንደ ካልሲ የተገለበጠውን ይዞ ወደ ወንድሙ ክፍል ይመጣና ፖስታው ውስጥ ያስገባዋል። ደንቡ አንድ እባብ በገባ በዓመቱ በወለቀው ቆዳ ላይ ቁጥሩ ይረጋገጥ ይላል። ቆጣሪው ቁጥሩ የታወቀ ነገር ነው ብሎ አለፈው።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ታናሽ ሌላ ቆዳ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ቀለበቱን አወለቀ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቀለበቱ ጠፋ እልሃለሁ! አፈር መስሏል። ሚስቱ ፈታችው መሰለኝ።»

ቆጣሪው ከት ብሎ ሳቀ። «ሁሉም ሲያረጅ ይደበዝዛል» አለና ፖስታውን ዘጋ። ፖስታው እጁ ውስጥ ነበር። መርፌው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሥራ ሰባት ቁጥር የታናሽን ቀኝ እጅ ከአውራ ጣቱ ሥር ነደፈው። መድኃኒቱ እዚያው ቤት ስለነበር ነፍሱ ተረፈች። እጁ ግን ጠቆረ፤ ሦስት ጣቱ ተቆረጠ።

ኮሚቴ ተቀመጠ። በዚያ ሳምንት ክፍሎቹ ቀለም ሲቀቡ ሳጥኖች ሲመላለሱ፣ ገና ያልተመዘገቡ አዲስ መጤዎችም ሲገቡ ሰንብተዋል። ኮሚቴው ወረቀቱን አየ፤ በአሥራ ሰባት ቁጥር ቀለበታም፣ 148 ቅርፊት ያለው እባብ ገብቷል ይላል። ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው አፈር የመሰለ መርዛም ነው። እንግዲህ ጠባቂው በግርግሩ ሳጥን አቀያይሯል፤ እውነተኛው ቀለበቴ ደግሞ አምልጧል ተባለ። ከመካከላቸው ቅርፊት መቁጠር የሚያውቅ የለም። የሚያውቀውን ጠሩት።

«መዝገብህ ትክክል ነው?» አሉት።

«ትክክል ነው» አለ።

ለኮሚቴው የተናገረው ይህችን ብቻ ነው። ታናሽ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ገና ከመድኃኒቱ ሳይነቃ «አላስታውስም፤ ተሳስቼ ይሆናል» አለና ፈረመ። ከሥራ ተሰናበተ።

በሳምንቱ ቆጣሪው ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ ከፖስታው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቆዳ አውጥቶ ቆጠረ። ስልሳ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መርፌው ቆመ። ሳጥን ያቀያየረ ሰው የለም። መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተታቸው። ሊያቃጥላቸው ይችል ነበር፤ በዕድሜው ግን አንድ ማስረጃ ጥሎ አያውቅም፣ አልሆነለትም። ከመሳቢያው ሥር አስቀመጣቸው። እባቡ ወደ መርዛሞቹ ክፍል ተዛወረና ስምንት ዓመት ታለበ፤ መርዙ የብዙ ሰው ነፍስ አተረፈ።

ታናሽ አሁን አውቶቡስ ተራ ውስጥ ማይክ ይዞ መነሻ ሰዓት ይጠራል። ያን ቀልደኛ የሚያውቁት ባያምኑም፣ እያንዳንዱን መነሻ ሦስት ጊዜ ይደግማል። በየመሀሉ ሰሌዳውን ያያል፣ ወረቀቱን ያያል፣ እንደገና ሰሌዳውን ያያል። ሾፌሮቹ «ድገመው» የሚል ስም አውጥተውለታል። ቤቱም ከተራው ጀርባ ነው፤ ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች። ቆጣሪው እሁድ እሁድ እየሄደ ይጠይቃቸዋል። በእያንዳንዱ እሁድ «ዛሬ እነግረዋለሁ» ብሎ ይገባና የአየሩን ጠባይ አውርቶ ይወጣል።

በዚያ ሐሙስ በምሳ ሰዓት በሩን ገፋ።

«ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ» አለች ሚስትየው ከመኪናዋ ሳትነሣ፤ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛለች። «እሱም አሁን ገባ። ጓዳ ነው።»

ታናሽ ምሳውን በግራ እጁ እየበላ ነበር። ቀና አለ። «ምነው በሥራ ቀን? ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው የቀብር ማስታወቂያ መሰለ? ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። «ስለ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው።»

ታናሽ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እሱን ነገር እኮ ዘጋነው፣ ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ፣ ፈረምኩ፣ አለቀ።»

«ያንተ ጥፋት አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ? የእባቡ?»

«የኔ ነው።»

ነገረው። ስለ ሠላሳዎቹ፣ ስለ አራቱ ፖስታዎች፣ ስለ ስልሳ ሦስተኛው ቅርፊት።  ሲጨርስ ታናሽ ደህናውን እጁን ከፍ አደረገ።

«ቆይ። ቀስ በል። ሳጥን አላቀያየርኩም?»

«አላቀያየርክም።»

«አንዱንም?»

«አንዱንም።»

«ቀለበቱን አወለቀ ብዬህ ነበር።»

«ብለኸኛል።»

«ሳቅክ።»

«ሳቅሁ።»

ታናሽ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። «መቼ ነው ያወቅከው?»

እዚህ ላይ መውጫ ነበረው። ቆጣሪው መውጫውን አየው፤ ገባበትም። «ዛሬ ጠዋት ዶክተሯ ቆዳዎቹን አውጥታ...»

«ዶክተሯን ማን ጠየቀህ? አንተ መቼ አወቅክ?»

«በተነደፍክ በሳምንቱ። ረቡዕ።»

ታናሽ ቀን የሚቆጥር ይመስል ጠረጴዛውን አየ። «ሐሙስ መጥተህ ጠየቅከኝ። ብርቱካን ይዘህ።»

«አዎ።»

«እጄ ታስሮ ነበርና እየላጥክ አጎረስከኝ።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እኔስ ምን አልኩህ? ታስታውሳለህ?»

ቆጣሪው ያስታውሳል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የረሳበት ቀን የለም።

«‹ጋሼ፣ ስምህን አሰደብኩት፣ ይቅር በለኝ› አልከኝ።»

«አንተስ?»

«ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ።»

የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ከቆመ ቆይቶ ነበር። ሚስትየው በሩ ላይ ቆማለች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የቀሚሷ ደረት ላይ ሰካች።

«ጋሼ፣ ልጄን ሰባት ዓመት ያሳደገቻት እናቴ ናት» አለች። «ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ሥራ በዝቶባችሁ መስሎኝ...»

«ሥራ የሌለው ሰው አለ? እሱ ነው የለመነኝ። ያን ጊዜ እኔ ፋብሪካ እውላለሁ፣ እሱ እቤት ነው፣ ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነው። ‹እኔ ሳጥን የማልለይ ሰው ነኝ፤ አንድ ቀን በር ክፍት እተዋለሁ፣ ጋዝ ለኩሼ እረሳለሁ፤ ለእናትሽ ስጫት› አለኝ። እያለቀሰ። እኔም እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት ስለምወደው መሰለዎት? አምኜው ነው። እውነት ዝርክርክ ነው ብዬ።»

«ተይ በቃ» አለ ታናሽ።

«አልተውም። በዘጠኝ ዓመቷ ስትመለስ አባቷን እንደ እንግዳ ሰው ‹አንቱ› ነበር የምትለው። እርስዎ በየእሁዱ መጥተው ሲሰሙ ምን ይሉ ነበር? ‹ጨዋ ልጅ ናት› ነበር የሚሉት።»

እውነቷን ነው፤ እንደዚያ ብሏል። ቆጣሪው አፉን ከፈተ። «ይቅር...»

«እሱን ቃል ዛሬ አታንሣው» አለ ታናሽ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ተነሣና ከመደርደሪያው የልጅቷን ደብተር አወጣ፤ ከመሀሉ ሁለት ቅጠል ገነጠለ። እስክሪብቶ ጨመረበት። «ጻፍ።»

«ነገ ቢሮ በደንብ አድርጌ...»

«አንተ ዘንድ ነገ ማለት አሥራ አንድ ዓመት ነው። አሁን ጻፍ።»

ቆጣሪው ጻፈ። የመዝገብ እጅ ነው ያለው፣ ፊደሉ የታተመ ይመስላል። እባቦቹ የገቡበትን ቀን፣ ያልተቆጠሩትን አራቱን፣ በሁለቱ ቆዳዎች ላይ ያለውን 196፣ ስንጥቁን፣ ሳጥን ያቀያየረ ሰው አለመኖሩን አሰፈረ። ፈርሞ አቀበለው። ታናሽ ቆሞ አነበበው፤ ወረቀቱን መልሶ ፊቱ አስቀመጠው።

«ጎደሎ ነው።»

«ምን ቀረ?»

«ረቡዑ የለም። ሐሙሱም የለም።»

«ለቢሮ እኮ የሚያስፈልገው...»

«ጋሼ፣ ደክሞት ሳይቆጥር ማንም ሰው ይተዋል፤ እኔም እተው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ዝርክርክ ሆኜ የኖርኩት በዚያ ቅዳሜ አይደለም። በዚያ ረቡዕ ነው። ረቡዑን ጻፈው።»

ጻፈው። ሁለት መስመር ነው፤ ከቀረው ገጽ ሁሉ በላይ ጊዜ ፈጀ። ሚስትየው ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች፤ ስትጨርስ ገባችና በወረቀቱ ሁለተኛ ቅጠል ላይ ራሷ ገልብጣ ወጣች። የእሱን ጽሑፍ መለሰችለት። «ይሄኛው ለልጅቷ ነው» አለች ግልባጩን አጣጥፋ። «ከትምህርት ቤት ስትመጣ እኔ አልነግራትም። ራሷ ታንብበው።»

ታናሽ ሰዓቱን አየ። የምሳ ዕረፍቱ አልቋል። ሚስቱ ካፖርቱን ያዘችለትና ቀኝ እጁን እጅጌው ውስጥ አስገባችለት። ቆጣሪው አብሮ ተነሣ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ሌላ ቃል አጣና የለመደውን ጠየቀ።

«እሁድ ልምጣ?»

«አትምጣ» አለ ታናሽ። «ስፈልግህ እጠራሃለሁ።» ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ተራው ሄደ።

ቆጣሪው ዓርብ ጠዋት ጽሑፉን ለዶክተሯ ሰጣት። ቆማ አነበበች፣ ተቀምጣም አነበበች፤ «ወንድምዎ ናቸው?» ብቻ አለችው። ቢሮው መዝገቡን አረመ። ለታናሽ ሥራው እንዲመለስለት የሚል ደብዳቤ ላከ፤ መልስ አላገኘም። ለቆጣሪው ደግሞ ጡረታው በስድስት ሳምንት ቀደመለት። የሸኘው ሰው ብዙ አልነበረም። የቀለደም የለም።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆኗል። እሁድ ጠዋት ይላጫል፣ የታጠበ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን አውልቆ መልሶ ይሰቅለዋል። እስካሁን አልተጠራም።